«ኤልኢዲ ሁሉ 12 ቮልት ነው» የሚለው ወሬ ይብቃ

«ኤልኢዲ አይደል? 12 ቮልት ስጠው በቃ።» ይህን በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ካርቶኑ የጠፋ ስትሪፕ ላይት (እንደ ሪባን የሚጠቀለለው የኤልኢዲ መብራት) ይገኛል፤ ባለቤቱ ቤት ያለውን አዳፕተር ይሰካበታል፤ ካልበራ «ተቃጥሏል» ብሎ ይጥለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጤነኛ ነው።

በ5፣ በ12፣ በ24 ቮልት የሚሠራ አለ፤ ቀጥታ በ220 የሚሠራም አለ። የትኛው እንደሆነ ስትሪፑን አይታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። የመቀስ ምልክት ያለባቸውን የመቁረጫ መስመሮች ፈልጉ። ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያሉትን መብራቶች ቁጠሩ። አንድ ነጭ መብራት 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ሦስት ከሆኑ 9 ነው፤ የቀረውን አጠገባቸው ያለችው ትንሽ ጥቁር ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የምትገድበው ዕቃ) ትወስዳለች፤ ስለዚህ 12 ቮልት ነው። ስድስት ወይም ሰባት ከሆኑ 24 ነው። መብራቱ አንድ በአንድ የሚቆረጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 5 ነው። መቁረጫው በየግማሽ ሜትሩ ወይም በየሜትሩ ከሆነ 220 ነው፤ እሱን እንደተሰካ በእጅ እንዳትነኩት!

አንድ የልብስ ሱቅ ባለቤት ሙሉ ጥቅል ሊጥል ሲል ደረስኩ። በመስመሮቹ መካከል ስድስት መብራት ነበር። 24 ቮልት ስንሰጠው ቦግ አለ። 24ቱን በ12 መሞከር አይጎዳውም፤ አይበራም እንጂ። 12ቱን በ24 መሞከር ግን ሬዚስተሩን ያከስለዋል። ስትጠራጠሩ ሁሌም ከዝቅተኛው ጀምሩ።

«ቀይ ሽቦ ፖዘቲቭ ነው።» ባለ ሁለት ሽቦው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ቀለም በሚቀያይረው ባለ አራት ሽቦ ላይ ግን ቀዩ የቀይ ብርሃን መስመር ነው፤ የሚገናኘውም ከኔጋቲቭ ጋር ነው። ፖዘቲቩ አራተኛው ሽቦ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ነጭ ይሆናል። የሽቦውን ቀለም ተዉትና የተበየደበት ቦታ ላይ የመደመር ምልክት ወይም የቮልት ቁጥር ፈልጉ።

«አምፔሩ የበዛ አዳፕተር ያቃጥለዋል።» አያቃጥለውም። ቮልቱ ልክ ከሆነ ስትሪፑ የሚበቃውን ብቻ ይወስዳል። ችግሩ አምፔሩ ሲያንስ ነው፤ አዳፕተሩ ይግላል።

«የባጃጅ ባትሪ ያው 12 ነው።» ሞተሩ እየሠራ ሳለ ወደ 14 ይወጣል፤ ርካሽ ስትሪፕ ላይችለው ይችላል።

የኮርኒስ መብራት ደግሞ ሌላ ነው። ድራይቨሩ (ለመብራቱ ኤሌክትሪክ መጥኖ የሚሰጠው ትንሽ ሳጥን) ሲበላሽ ሰው «ስንት ቮልት ነው?» ብቻ ይጠይቃል። አብዛኞቹ ድራይቨሮች ግን የሚቆጣጠሩት አምፔሩን ነው። ጀርባው ላይ ለምሳሌ «30–42 ቮልት፣ 300 ሚሊ አምፔር» ይላል። አዲሱ ላይ 300ው መመሳሰል አለበት፤ የቮልቱ ክልልም መብራቱን መሸፈን አለበት። መብራቱ ሳይያያዝ በቴስተር ብትለኩ ከሚሠራበት ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳያችሁ ይችላል፤ በዚያ ቁጥር አትግዙ። የተበላሸውን ድራይቨር ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ ካልሆነም ጽሑፉን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።