በጅማ ዙሪያ የአንድ ቀን የእግር ጉዞና ፎቶ ማንሳት

ጅማ ላይ በረዶ ካለ፣ ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። ተራራ የሚያለብስ በረዶ እዚህ አይታወቅም። ነጭ መልክዓ ምድር በካሜራ ማስቀረት የሚፈልግ እግረኛ ግን ባዶ እጁን አይመለስም፤ የማለዳ ጉምና የቡና አበባ አሉለት። ሁለቱም ቶሎ ይጠፋሉ፤ ጉዞው የሚሰምረውም ሆነ የሚከሽፈው በሰዓቱ ነው።

ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ ረጅም ስለሆነ ለእግር የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በክረምት ቀዩ አፈር ከጫማ ሥር ተጣብቆ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ የከተማ ስኒከር አይችለውም።

የተለመደው መነሻ የጅሬን ኮረብታ ነው። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ላይ ቆሟል። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12፡40 እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ኮረብታው ላይ መድረስ ይገባል። በእግር ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በጨለማ ዳገት መውጣት ያልፈለገ በባጃጅ ወጥቶ በእግሩ ይወርዳል። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ወደ ሸለቆው ይተኛና ጉሙ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ይውጣቸዋል። ፀሐይዋ ስትበረታ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሰዓት በፊት፣ ይበተናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብርሃን ላይ ነው። ካሜራ ነጭ የበዛበትን ነገር ሲያይ ብርሃን የተረፈ መስሎት ያጨልመዋል፤ ጉሙም አመድ መስሎ ይወጣል። መፍትሔው ብርሃኑን ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (የካሜራ የብርሃን መለኪያ፤ አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) መጨመር ነው። በስልክ የሚያነሳ ሰው ስክሪኑን ነክቶ የፀሐይዋን ምልክት ወደ ላይ ይስባል። የቡና ጥላ ሥር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጨለማው ካሜራውን ያታልለውና ፀሐይ ያረፈበት አበባ ፎቶው ላይ ከልክ በላይ ነጥቶ መልኩ ይጠፋል፤ እዚያ 0.7 ያህል መቀነስ ይሻላል።

የቡና አበባ የሚፈነዳው ደረቁ ወቅት በመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲሰበር፣ ከዝናቡ 8 እስከ 10 ቀን ቆይቶ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲትና በመጋቢት። ቅርንጫፉ ሙሉ ነጭ ይሆናል፣ ሽታውም ተምበለልን ያስታውሳል፤ ከ2 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ይጠወልጋል። ቀኑን በካሌንደር ከመገመት ዝናቡ የጣለበትን ቀን ገበሬውን መጠየቅ ይበልጣል። በኅዳር የሚሄድ ደግሞ አበባ አያገኝም፤ ቀይ እሸትና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ግን ሞልቶለታል። ማሳው የሰው ነውና ሳያስፈቅዱ አይገባም፤ ቅርንጫፍ ጎትቶ አበባ ማርገፍም የሰው ምርት ማርገፍ ነው።

ሙሉ ቀን ያለው በመኪና ወደ ቦንጋ መንገድ ወጥቶ በለጠ የሚባለውን ደን ይጨምራል። ጉሬዛ የሚታየው ከፍ ካሉ ዛፎች ላይ ስለሆነ 200 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሌንስ ይፈልጋል። ጥላው ከባድ ነው፤ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) 1600 ካልደረሰ የሚዘል ጉሬዛ ይደበዝዛል። ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት አይረሳ፤ የጉንዳን ሰልፍ የረገጠ ሰው ፎቶ ማንሳቱን ይተዋል።

በቦርሳ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃ፣ ቆሎ፣ ትርፍ ባትሪና ንጹሕ የሌንስ ጨርቅ ይበቃል። በነጠላ ጫፍ ሌንስ መጥረግ አቧራውን ይዞ መፋቅ ነው። ከቀዝቃዛው ማለዳ ወደ ሞቀ ቡና ቤት ሲገባ ሌንሱ እንዳያልበው፣ ካሜራውን አስቀድሞ ፌስታል ውስጥ አስሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል።

በመልስ ጉዞ ከተማዋ ጠርዝ ያለውን የቦዬን ረግረግ ማየት ይቻላል፤ ጉማሬ አለበት። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ በእሱና በውኃው መካከል የቆመን ሰውም አይምርም። ስለዚህ ከ11 ሰዓት በኋላ ከዳርቻው ራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ማንሳት፣ ሌንሱ ካልደረሰም መተው ነው።