እግዚአብሔርን ስለመታመን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጸበል የገባ ሰው መድኃኒት አይወስድም»

ሕይወት የቀጠፈው ይህ አመለካከት ነውና ከእሱ እንጀምር። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ወዳለው ወደ እንጦጦ ተራራ ብዙ ሕመምተኞች ለጸበል ይመጣሉ፤ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩም አሉባቸው። ከእነዚህ መካከል እምነታቸው ሙሉ እንዲሆን ብለው ክኒናቸውን ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል።

መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ ከሰውነት ጠርጎ አያወጣውም። ያቋረጠ ሰው መጀመሪያ ላይ ምንም ሕመም ስለማይሰማው «ድኛለሁ» ይላል፤ ቫይረሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልሶ ይራባል። አንዴ እየወሰዱ አንዴ እየተዉ ሲኬድ ደግሞ መድኃኒቱን ይላመደዋል። መጾም የሚፈልግ ሰው ክኒኑን ከመተው ይልቅ የመዋጫ ሰዓቱን ከጤና ባለሙያው ጋር ይነጋገር።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ በጸለየ ጊዜ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ተነገረው። ይህን ቃል ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያመጡ አዘዘ፤ በእባጩም ላይ አደረጉለት (2ኛ ነገሥት 20)።

«የሚታመን ሰው አይፈራም»

መዝሙር 56 (በግእዙ ቁጥር 55) ዳዊት በጌት በፍልስጥኤማውያን እጅ በወደቀ ጊዜ የተዘመረ ነው። እዚያ መፍራቱን አይደብቅም፤ በሚፈራበት ቀን በእግዚአብሔር እንደሚታመን ይናገራል። ስለዚህ ፍርሃቱን በስሙ ይጥሩት። ጣፎ ወይም ቡራዩ ተከራይቶ የሚኖር ሰው «ጌታ ሆይ፣ ጭንቀቴን አንሣልኝ» ከሚል ይልቅ «አከራዬ ኪራይ እንዳይጨምርብኝ ፈርቻለሁ፤ የልጆቼ ትምህርት ቤት እዚሁ ነው» ብሎ ይጸልይ። በደፈናው የተጸለየ ነገር መልሱ ቢመጣም አይታወቅም። ከጸሎቱ በኋላ ዛሬ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር ይምረጡና ያድርጉት።

«ለነገ ማስቀመጥ አለመታመን ነው»

ለዚህ እስራኤላውያን በምድረ በዳ የበሉት መና ይጠቀሳል። በየቀኑ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር፣ ወደ 2 ሊትር ገደማ፣ ይሰበሰብ ነበር፤ ያሳደሩት ተላ። ነገር ግን በስድስተኛው ቀን እጥፍ ተሰብስቦ ለሰንበት ያደረው አልተላም፤ ትእዛዙ እንዲህ ነበርና። ዮሴፍም በግብፅ በጥጋቡ 7 ዓመት ከምርቱ አንድ አምስተኛውን ያስቀመጠው በእግዚአብሔር ታምኖ ነው። እቁብና እድር መግባት እምነትን አይቀንስም።

«ያለኝን ሁሉ ብሰጥ መልሱ ግዴታ ይሆናል»

ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር የገፋፋው በመዝሙር ቃል ነበር። የጌታ መልስ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ ነው (ማቴዎስ 4)። የልጆችን ቀለብ ሰጥቶ ተአምር መጠበቅም ያው ነው።

«መታመን በአንድ ሌሊት አዳር ይገኛል»

አብርሃም ሲጠራ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100። በመካከሉ መጠበቅ ከብዶት በ86 ዓመቱ ከአጋር እስማኤልን ወልዷል። አዳር ጸሎት መልካም ነው፤ መታመን የሚያድገው ግን በቀጣዮቹ ተራ ቀናት ነው። ጠዋት ወደ ታክሲ ሰልፍ ከመውጣትዎ በፊት አንድ መዝሙር ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። በደብተር ላይ ቀኑንና ልመናውን በአንድ መስመር ይጻፉ። በወሩ መጨረሻ ተመልሰው ከየልመናው ጎን «ተሰጠ»፣ «በሌላ መንገድ መጣ» ወይም «ገና» ብለው ያስፍሩ።

ብዙ ሰው የተሰጠውን ብቻ ይመዘግባል። እንዲህ የተሠራ መታመን የመጀመሪያው ከባድ «አይሆንም» ሲመጣ ይፈርሳል። ዕብራውያን 11 ሁለቱንም ይዟል፦ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ፤ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ ደግሞ በሰይፍ የተገደሉ አሉ። የምዕራፉ መደምደሚያ የሁሉንም እምነት ይመሰክራል።