በጥበቃ ካሜራ ላይ «ዩፒኤንፒ» ሲበራ ምን ይሆናል?

በሐዋሳ፣ በፒያሳም ሆነ በመናኸሪያ አካባቢ ሱቃቸውን በካሜራ የሚጠብቁ ነጋዴዎች የካሜራውን የኔትወርክ ማስተካከያ ሲከፍቱ «ዩፒኤንፒ» የሚል ምርጫ ያገኛሉ፤ ብዙዎችም ይህ ካልበራ ምስሉ በስልካቸው የማይታይ ይመስላቸዋል። ምርጫው ሲበራ ካሜራው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ፣ ራውተሩ (ኢንተርኔቱን ለሱቁ መሣሪያዎች የሚያከፋፍለው ዕቃ) ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፖርት፣ ማለትም ቁጥር ያለው የግንኙነት በር፣ እንዲከፍትለት ይጠይቃል። ራውተሩ ጥያቄውን የሚቀበል ከሆነና ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አይፒ አድራሻ ካለው፣ የካሜራው መግቢያ ገጽ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም አገር ሆኖ ክፍት ፖርት ለሚያስስ ሰው ሁሉ ይታያል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት የተቆጣጠረው ለውጭ ክፍት ሆነው፣ ከፋብሪካ የመጡበት የይለፍ ቃል ሳይቀየር በመቅረቱ ነበር።

የፖርቱን ቁጥር ከተለመደው 80 ወደ ሌላ መቀየር እንደ በቂ ጥበቃ ሲነገር ይሰማል። ክፍት ፖርት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ግን 65,535ቱንም ቁጥሮች ሊፈትሹ ስለሚችሉ፣ ለውጡ ቢያዘገያቸው እንጂ አያግዳቸውም። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ከመቀየር ጋር ዩፒኤንፒን በካሜራውም በራውተሩም ላይ ማጥፋት፣ ቀድሞ የተከፈተ ፖርት ካለም መዝጋት ያስፈልጋል።

ብዙ ካሜራዎች ምስሉን ወደ ስልክ የሚያደርሱት ራሳቸው ወደ አምራቹ ሰርቨር በሚጀምሩት ግንኙነት በመሆኑ፣ ዩፒኤንፒ ቢጠፋም ባለሱቁ ቤቱ ሆኖ ማየቱን ይቀጥላል፤ ይህ ግን አምራቹን ማመንን ስለሚጠይቅ፣ ራውተሩ ከፈቀደ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ሱቁ ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ማዘጋጀቱን እኔ እመርጣለሁ።