ምጣዱ የሚግለው ሬዚስታንሱ ስለበዛ አይደለም

እንጀራ እየተጋገረ ምጣዱ የተሰካበትን ሶኬት ጠጋ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፕላስቲኩ ጠቆር ብሎ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸታል። ብዙዎቻችን «ምጣድ አይደል፣ ያው ይሞቃል» ብለን እናልፋለን። ስለ ኃይልና ስለ ሬዚስታንስ (ሽቦ ኮረንቲ እንዳያልፍ የሚገታበት መጠን) የያዝነው የተሳሳተ ግምት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ከታች በጥቅስ ውስጥ ያሉት እንዲህ ያሉ የተሳሳቱ ግምቶች ናቸው።

«ሬዚስታንስ ሲበዛ ሙቀት ይበዛል»

እቤታችን ውስጥ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የሚመጣልን ቮልቴጅ 220 ገደማ ነው። እቃው የሚስበውን ኃይል ለማወቅ ቮልቴጁን በራሱ አባዝተን ለሬዚስታንሱ እናካፍላለን። አካፋዩ ሲያንስ ውጤቱ ይተልቃል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ሬዚስታንሱ 14 ኦም (ሬዚስታንስ የሚለካው በኦም ነው) አካባቢ ብቻ ነው። ባለ 60 ዋት የድሮው አምፖል ግን ሲበራ 800 ኦም ይደርሳል።

«የተበጠሰ የምጣድ ሽቦ ቢያጥርም ችግር የለውም»

ይሄ በጣም ያሳስበኛል፤ በየቤቱ የሚደረግ ነገር ነውና። ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጠን ጥለን ጫፍና ጫፉን እንጠመዝዛለን። ሽቦው አንድ አሥረኛ ካጠረ ሬዚስታንሱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 3,500 ዋት የነበረው ወደ 3,900 ይጠጋል። ያጠረው ሽቦ ከበፊቱ የበለጠ ሙቀት ተሸከመ ማለት ነው። «በሳምንቱ ደግሞ ተበጠሰ» የምንለው ለዚህ ነው። በልኩ አዲስ ሽቦ ማስገባት ይሻላል።

«ሶኬቱ የሚቀልጠው ምጣዱ ስለሚሞቅ ነው»

አይደለም። ሶኬቱ ሲላላ ብረትና ብረቱ በደንብ አይነካኩም። እዚያች ነጥብ ላይ ግማሽ ኦም ሬዚስታንስ ተፈጠረ እንበል። ወደ ምጣዱ የሚሄደው 15.5 አምፔር (ኮረንቲ የሚለካው በአምፔር ነው) የሚጠጋ ኮረንቲ በሙሉ በእሷ በኩል ያልፋል። በዚህ ጊዜ የምናባዛው ኮረንቲውን በራሱ፣ ከዚያም በሬዚስታንሱ ነው፤ ወደ 120 ዋት ይመጣል። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎች የሚያወጡት ሙቀት የጣት ጫፍ በምታክል ቦታ ታጨቀ ማለት ነው። ታዲያ ፕላስቲክ እንዴት ይቻለው? እዚህ ጋ ሬዚስታንስ ሲጨምር ሙቀቱም ይጨምራል፤ ምክንያቱም የኮረንቲውን መጠን የሚወስነው ምጣዱ እንጂ የላላው ሶኬት አይደለም። የጠቆረ ሶኬት ካላችሁ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩና አስቀይሩት። ምጣድን በማከፋፈያ ላይ መሰካትም ይቅር።

«ኮረንቲ እቃው ውስጥ ገብቶ ያልቃል»

በአንዱ ሽቦ የገባው ያህል በሌላው ይመለሳል። እቃው የሚወስደው ኃይልን ነው።

«ቮልቴጅ ትንሽ ቢወርድ ኃይሉም ትንሽ ነው የሚወርደው»

ኮረንቲ ደከም ባለ ቀን እንጀራው አይን አላወጣ ሲል አይታችኋል። ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል ሲሶውን ያህል ያጣል፤ 3,500 የነበረው 2,350 ዋት ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁ በራሱ ስለሚባዛ ጉድለቱም ይሰፋል።

«የአንድ እቃ ሬዚስታንስ አይለወጥም»

ጀርመናዊው ጊዮርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው፣ ኮረንቲ ማለት ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው የሚለው ሕግ የሚሠራው የሽቦው ሙቀት ካልተቀየረ ነው። ያንኑ ባለ 60 ዋት አምፖል ነቅላችሁ ሲቀዘቅዝ በቴስተር ለኩት። 800 ስትጠብቁ ከ100 ኦም በታች ያነባል። አምፖሉ ደህና ነው፤ ክሩ (ውስጡ ያለው የሚበራው ቀጭን ሽቦ) ስላልጋለ ሬዚስታንሱ ዝቅ ብሎ ነው። የዚህ ዓይነት አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያውን ስንጫን የሚቃጠለውም ለዚሁ ነው፤ ቀዝቃዛው ክር በዚያች ቅጽበት ከልኩ ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ይስባል።