አትክልተኞች ለምን ዘር ትተው ቁራጭ ይለዋወጡ ነበር?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ ላብራራው። ዘር የሁለት ወላጆች ልጅ ነው፤ እናቱን ላይመስል ይችላል። ከቅርንጫፍ የተቆረጠ ቁራጭ ግን ያው ራሱ ዛፉ ነው።

እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝዌል ውስጥ፣ በ1809 እ.ኤ.አ. ሜሪ አን ብሬልስፎርድ የምትባል ልጅ የአፕል ዘር ተከለች። የበቀለው ዛፍ ጎምዛዛ፣ ለማብሰል ግን ግሩም የሆነ ፍሬ ሰጠ። በ1856 ሄንሪ ሜሪዌዘር የሚባል የ17 ዓመት ወጣት ከዛፉ ቁራጭ ለመነ። ያኔ የግቢው ባለቤት የነበረው ማቲው ብራምሊ፣ ፍሬው በስሜ ይጠራ ብሎ ፈቀደለት። ስም መጠየቁ በጣም ደስ ይለኛል! አፕሉ ዛሬም ብራምሊ ነው የሚባለው።

ቁራጭ ያው ራሱ ዛፉ መሆኑ እርግጥ ነው። እንደ ተክሉ የሚለያየው የቁራጩ አያያዝ ነው። የጽጌረዳ ቁራጭ አፈር ውስጥ ሥር ያወጣል። የአፕል ቁራጭ ግን በአብዛኛው እምቢ ስለሚል፣ ሥር ባለው ሌላ የአፕል ግንድ ላይ ይጣበቃል።