ረቂቃችሁን ኤአይ ሲያነብላችሁ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ግጥም ወይም አጭር ልብወለድ የሚሞክሩ ብዙ ወጣቶች ረቂቃቸውን አሁን መጀመሪያ የሚያሳዩት ለቻትጂፒቲ ወይም ለጀሚናይ ነው። ጥሩ ነገር ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ረቂቅ የሚያነብ ሰው ከየት ይገኛል? ስለ አጠቃቀሙ ከሚባሉት ነገሮች ግን አንዳንዶቹ ያሳስቡኛል።

«አሳምርልኝ ካልኩት ጽሑፌ ይሻሻላል»

ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው በዚህ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ስለ ቀፊራ ገበያ ስትጽፍ እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «ስድስት ሰዓት ሲሆን ቀፊራ ዝም ይላል። ቲማቲም ሻጯ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ጥላ ፍለጋ ትሄዳለች።» አሳምርልኝ ስትለው የመጣላት ይኸው፦ «ቀፊራ በድሬዳዋ ከተማ የሚገኝ፣ የተለያዩ ማኅበረሰቦችን የሚያገናኝ ደማቅና ታሪካዊ የገበያ ማዕከል ነው።» ሰዋስው ላይ እንከን አይወጣለትም። ሙቀቱ ግን ጠፍቷል፣ ሴትየዋም የለችም። ስሙን ብቻ ቀይሩት፣ ለየትኛውም ከተማ ገበያ ይሆናል።

እነዚህ የኤአይ ሞዴሎች የሚጽፉት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው። ስለዚህ ተደጋግሞ ወደተባለው ነገር ያደላሉ። ትእዛዙን ቀይሩት። «አንድም ቃል አትንካ። ድሬዳዋን የማያውቅ አንባቢ የቱ ጋ ግር ይለዋል? ጥያቄ ብቻ ጠይቀኝ» በሉት። ጓደኛዬ እንዲህ ስትለው «ሻጯ ስትሄድ ቲማቲሙን ማን ይጠብቃል?» አላት። ግሩም ጥያቄ ነው! መልሱን የምታውቀው እሷ ናት። ሁለት መደብ አንድ ላይ የሚጠብቀው የጎረቤት ሻጭ ልጅ ወደ ታሪኩ የገባው በዚህ ጥያቄ ነው፤ አሁን ከጽሑፉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

«ግሩም ነው ካለኝ ግሩም ነው»

ኤአዩ ሲሠለጥን ሰዎች የወደዱትን መልስ እንዲያበዛ ስለተደረገ ሙገሳ ይቀናዋል። ረቂቁን የራሳችሁ እንደሆነ ሳትነግሩት «የደከመበትን ሦስት ቦታ አሳየኝ» ብላችሁ ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ጠንከር ይላል። ሦስት ስላላችሁት ብቻ ሦስተኛዋን ከየትም ፈልጎ የሚያመጣበት ጊዜም ስላለ ሁሉንም አትቀበሉ።

«አማርኛ ስለሚጽፍ ለዛውን ያውቃል»

የሠለጠነበት ጽሑፍ በብዛት እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው ከዚያ አንጻር ጥቂት ነው። በተለይ የሰው ንግግር ላይ ያስታውቅበታል። የድሬ ልጅ ታላቁን «አንተ» ብሎ ቢያወራ ብርቅ አይደለም። ኤአዩ ግን «እርስዎ» ብሎ ሊያርመው ይችላል። በአማርኛው መሀል ጣል የተደረገ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛም ስህተት ሊመስለው ይችላል። እዚህ ላይ እሺ እንዳትሉት። ገጸ ባሕርያችሁ የድሬ ሰው ከሆነ እንደ ድሬ ሰው ያውራ። ንግግሩ ያምር እንደሆነ ለማወቅ ከዚራ ወይም መጋላ ሰፈር ላደገ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ፊቱ ይነግራችኋል።

«ስህተት ስለሚያርም መረጃውም ትክክል ነው»

ፊደል ማረምና እውነት ማጣራት ለየቅል ናቸው። ዘመን አቆጣጠር ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሕይወት የቀጠፈው ጎርፍ የደረሰው በ1998 ክረምት ነው፤ በፈረንጆቹ 2006። ኤአዩ 2006ን እንዳለ አማርኛ ጽሑፋችሁ ውስጥ ቢከተው፣ አንባቢው ጎርፉን ስምንት ዓመት አሳልፎ ያስበዋል። ያን ሌሊት ቤተሰብ ያጣ ሰው ሊያነበው ይችላል። ቀን፣ ስምና ቁጥር ከሚያውቅ ሰው ወይም ከመጽሐፍ ይጣራ።

«መጠቀሙ ራሱ ማጭበርበር ነው»

አስተያየት መጠየቅ ማጭበርበር አይደለም። አስጽፎ «የኔ ነው» ማለት ግን ነው። ለትምህርት ቤት ወይም ለውድድር የሚቀርብ ከሆነ ምን እንደሚፈቀድ ቀድማችሁ ጠይቁ። የሌላ ሰው ምስጢር ያለበትን ረቂቅም ስሙንና ሰፈሩን ሳትቀይሩ አታስገቡ።