አሳው ላይ ያለው ነጥብ ምንድን ነው?

ሐዋሳም ሆነ ዝዋይ፣ ጣናም ሆነ ጫሞ፣ መንጠቆ የሚጥል ሰው ይዋል ይደር እንጂ መልኩ የሚያጠራጥር አሳ ይወጣለታል። ቆዳው ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ቢጫ እብጠት ወይም ክር የመሰለ የተንጠለጠለ ነገር ይኖረዋል። ብዙው ሰው መልሶ ይወረውረዋል። ከዚያ በፊት ግን በጣት መዳበስ አይከፋም፤ ከቆዳው ጋር አንድ የሆነ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈና ከሥር ያበጠ ነገር የተለያዩ ናቸው።

በሽታ የሚመስለው ሁሉ በሽታ አይደለም። ወንዱ ቆሮሶ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ይቀላል። ሴቷ ደግሞ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ስለምትይዝ ጉሮሮዋ ያብጣል፤ ይህን እጢ ነው ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለ። ቆሮሶ ሲጨነቅ ጎኑ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች ይወጡበታል። ከጭንቅላቱ ኋላ ዙሪያውን የተላጠ ከሆነ ደግሞ ከመረብ ያመለጠ ሊሆን ይችላል።

ላዩ ላይ ከሚለጠፉት የአሳ ቅማል የሚባለው ጠፍጣፋና ክብ ነው። ትልቁ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅማል ይባል እንጂ የሸርጣን ዘመድ ነው፤ ሲነኩት ቆዳው ላይ ይንሸራተታል። ክር መስሎ ከቆዳው የሚወጣው ደግሞ በፈረንጆቹ የመልሕቅ ትል ይባላል። እሱም ትል አይደለም፣ የሸርጣን ወገን ነው። ጭንቅላቱ እንደ መልሕቅ ሥጋው ውስጥ ተቀርቅሯል፤ ውጭ የቀረው ጫፍ ላይ ሁለት የእንቁላል ከረጢቶች ይታያሉ። ስቦ ማውጣት ያስቸግራል፣ ጭንቅላቱ ተበጥሶ ይቀራል። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ቀድሞ የቆሰለ ወይም የደከመ አሳ ስለሆነ፣ ከሥሩ ቁስል መፈለግ ነው።

ከቆዳ ሥር ያለው ነገር ታሪኩ ይረዝማል። የአሸዋ ቅንጣት የሚያክሉት ጥቁር ነጥቦች የትል እጭ ናቸው። ትሉ ራሱ ጥቁር አይደለም፤ አሳው እጩን ለመክበብ የሚያፈሰው ቀለም ነው የሚያጠቁረው። ቢጫው እብጠት ክሊኖስቶመም የሚባል ትል ሲሆን ከስንጥብ አጠገብ፣ ከቆዳ ሥርና ሥጋ ውስጥ ይገኛል። በሐዋሳ፣ በዝዋይና በጣና አሳዎች ላይ ተመዝግቧል። ሁለቱም የሚዞሩት በአንድ መንገድ ነው። ከወፍ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ወደ አሳ፣ ከዚያ ወፉ አሳውን ሲውጥ እንደገና ወደ ወፍ። ለዚህ ነው ቀንድ አውጣና አሳ በል ወፍ በበዛበት ሣራማ ዳርቻ ነጥብ ያለበት አሳ የሚበዛው።

አንዳንዱ ግን ሆዱ ሲከፈት ብቻ ነው የሚታየው። ኮንትራሲከም የሚባለው ክብ ትል ቆሮሶ ልብ ዙሪያ ተጠቅልሎ ይገኛል። ያደገው ትል የሚኖረው ፔሊካንን በመሳሰሉ አሳ በል ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። ጣና ላይ ደግሞ ትንንሾቹን የባርበስ አሳዎች ሊጉላ የተባለ ነጭ ጥብጣብ ትል ይይዛቸዋል። ሆዳቸው ይነፋል፣ መራባትም ያቆማሉ። ለትሉ ግን ተመችቶታል፤ የደከመ አሳ ለወፍ ቀላል ነው።

ታዲያ ይበላል? ጥቁር ነጥብ ያለበት አሳ ቆዳው ተገፎ በደንብ ከበሰለ ችግር የለውም። ቢጫውን እብጠት ቆርጦ መጣል ይቻላል፤ እንደ እኔ ግን ሥጋው በእብጠት ከተሞላ ተዉት፣ ማን ምሳውን እየመረመረ ይበላል! ያመረቀዘ ቁስልና መጥፎ ሽታ ያለው ግን ምንም ቢሆን አይበላም።

ጥሬ አሳ ላይ ነገሩ ይለያል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ትኩሱ አሳ ተገፎ በሚጥሚጣ ወይም በዳጣ መበላቱ የታወቀ ነው፣ ይጣፍጣልም። ሚጥሚጣውም ሎሚውም ግን እጭ አይገድሉም። ክሊኖስቶመም አልፎ አልፎ የሰው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያሳከከበትና ያሳበጠበት ጊዜ በጃፓንና በኮሪያ ተመዝግቧል። እጩን የሚገድለው ሥጋው መሃሉ ድረስ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ማብሰል ነው። ካልሆነም በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ፤ የቤት ፍሪዘር ሁሉ ደግሞ እዚያ አይደርስም።

የተጣለው የሆድ ዕቃም መንገድ አለው። አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ተሰልፎ ይጠብቀዋል።